የሞተር ቲዎሪ ለመማር የትኛው መጽሐፍ፣ የትኛው ሶፍትዌር?

ካንዴላ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ቴክኒክና ሙያ ደረጃ አራት ጨርሻለሁ፤ አሁን በማታው መርሐ ግብር መካኒካል ኢንጂነሪንግ እማራለሁ፣ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ሞተር አውርጄ፣ በትኜ፣ መልሼ መግጠም እችላለሁ። ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ በቁጥር አስረዳ ብትሉኝ ግን አልችልም።

ለምን አሁን እንደጠየቅኩ ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ባለ 1.3 ሊትር ቪትዝ መጣ። ባለቤቱ “ዳገት ላይ ይደክማል” አለን። ካንዴላዎቹን ፈትቼ ኮምፕረሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ አየር ሲታመቅ የሚደርስበትን ግፊት፣ በጌጅ ለካሁ። 10.5፣ 10.4፣ 10.6፣ 10.5 ባር። ማኑዋሉ ዝቅተኛ ብሎ ካስቀመጠው ቁጥር ትንሽ ያንሳል። ዋናው መካኒክ “ፋሻ ጨርሷል” አለ፣ የፒስተኑ ቀለበቶች አልቀዋል ማለቱ ነው፤ እኔም አዎ አልኩ። ሞተሩ ወረደ። ፋሻ ተቀየረ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቀየረ። ገጥመን ስንለካ 10.6፣ 10.6፣ 10.7፣ 10.6። የወጣውን ፋሻ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቼ ክፍተቱን ለካሁት። ደህና ነበር። ሰውዬው ከፍሎ ሄደ፤ መኪናው ግን ዛሬም ዳገት ላይ ይደክማል። ይህ ነገር ከልቤ አልወጣም።

ትምህርት ቤት ስላይድ ይሰጡናል፤ ስላይዱ ላይ ቀመር አለ፣ ቀመሩ ከየት እንደመጣ ግን የለም። ከቤተ መጻሕፍት የሄይውድን ትልቁን የሞተር መጽሐፍ ተውሼ ነበር። ምዕራፍ 4 ላይ ቆምኩ። ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው። ካልኩለስ ጨርሻለሁ፤ ቴርሞዳይናሚክስ አንዱን ብቻ ወስጃለሁ። በየትኛው መጽሐፍ ልጀምር? የትኛውን ሶፍትዌር ልልመድ?

ቤተ ሙከራ (ጀርመን)

ወንድሜ ካንዴላ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህንኑ ኮርስ 6 ዓመት አስተምሬያለሁ። አሁን የምሠራው ሞተር መሞከሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ከተማሪዎቼ መካከል እንዳንተ አንድ የተወሰነ ሞተር ይዞ የመጣ አልነበረም። ስለዚህ መጽሐፉንም ሶፍትዌሩንም በቪትዙ እንምረጥ። የዚያን ሞተር 10.5 ባር ሊያስረዳህ የሚችል መጽሐፍ ላንተ ትክክለኛው መጽሐፍ ነው።

ሄይውድ ላይ መቆምህ አይክፋህ። የመጀመሪያው እትም በ1988 ወጣ፤ ሁለተኛው በ2018። ከ900 ገጽ በላይ ነው። ምዕራፍ 3 እና 4 የነዳጅና አየር ድብልቅ ኬሚስትሪና የጋዞች ባሕርይ ናቸው። አብዛኛው ሰው የሚቆመው እዚያው ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ቆሜያለሁ። መጽሐፉ ሞተር ለሚያጠና ሰው ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ነው፤ ግን ከፊት ወደ ኋላ የሚነበብ አይደለም። ምዕራፍ 2ን አንብብ፣ ቀጥለህ ወደ 5 ዝለል፣ ከዚያ 6። ምዕራፍ 6 አየር እንዴት ገብቶ እንዴት እንደሚወጣ የሚናገር ነው። የቪትዙ መልስ ግማሹ እዚያ አለ። 3 እና 4ን ሲቸግሩህ ትመለስባቸዋለህ።

ለመጀመሪያ ግን ፑልክራቤክን ያዝ። ሙሉ ስሙ ዊላርድ ፑልክራቤክ ነው። ከሄይውድ በጣም ይቀጥናል፤ ምሳሌዎቹን ቁጥር በቁጥር ይሠራል። አንድ ምሳሌ ካነበብክ በኋላ የመጽሐፉን ሞተር አውጥተህ ቪትዙን አስገባና እንደገና ሥራው። ይህን ካላደረግህ መጽሐፉን ጨርሰኸውም ምንም አይቀርህም። ቤተ መጻሕፍታችሁ ውስጥ ከሌለ የጋኔሳን መጽሐፍ አይጠፋም፤ የሕንድ እትም ስለሆነ ዋጋው ቀለል ይላል፣ የተሠሩ ጥያቄዎች በብዛት አሉት። ጋኔሳን ላይ የማልወደው ለፈተና የተጻፈ መምሰሉን ነው። ቀመሩን ቶሎ ይሰጥሃል። አንተ የጎደለህ ደግሞ ቀመሩ ከየት እንደመጣ ነው።

ቴርሞዳይናሚክስህን አንዴ አድስ። የሴንጀልና ቦልስ መጽሐፍ የጋዝ ኃይል ዑደቶች ምዕራፍ ይበቃሃል። ኢንተርኔትህ ከፈቀደልህ የኤምአይቲ 2.61 ኮርስ ማስታወሻዎች በነፃ ይገኛሉ። በቃ። ከዚህ በላይ መጽሐፍ አትሰብስብ።

ሶፍትዌር ብለሃል። ለሁለት ወር የምትጠቀመው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ብቻ ይሁን። ሊብረ ኦፊስ 4 ጊጋ ላይ ይሠራል። የቪትዙ ሲሊንደር ስፋት 75 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 73.5 ሚሊ ሜትር፣ ኮምፕረሽን ሬሾው (ፒስተኑ ታች ሲሆን ያለው ቦታ ላይ ሲሆን ለሚቀረው ሲካፈል) 10.5 ነው። ከዚህ የአንዱን ሲሊንደር ይዘት አስላ፤ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከበላዩ የሚቀረውን ቦታ አስላ። ከዚያ ክራንኩን አንድ አንድ ዲግሪ እያዞርክ ይዘቱን ጻፍ። ቀጥሎ ግፊቱን። እሳት የለም፣ ነዳጅ የለም፣ ባትሪው ብቻ ነው የሚያዞረው። ኮምፕረሽን ስትለካ የሆነው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልጠይቅህ። መነሻ ግፊቱን ስንት ታደርገዋለህ?

ዴልታ ቲ (አዳማ)

ይቅርታ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። አራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሥራ ፈላጊ ሰው ሲቪው ላይ እንደ ጂቲ ፓወር ወይም ኤቪኤል ቡስት ያለ ሞተርን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም ካልጻፈ ማን ያየዋል? የሠንጠረዥ ፕሮግራም ማንም ያውቃል። ጓደኛዬ ጋ ላይሰንሱ የተሰበረ ቅጂ አለ፤ በፍላሽ ሊሰጥህ ይችላል። ቱቶሪያል ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ሌላው ደግሞ፣ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ሁለት ዓመት ሞተር ከምትማር ባትሪና ኢንቨርተር አይሻልህም? በክፋት አይደለም የምልህ።

ካንዴላ

ወንድሜ፣ በክፋት እንዳልሆነ ገብቶኛል። ዛሬ ጠዋት ጋራዡ ግቢ ውስጥ የቆሙትን ቆጠርኩ። 14 መኪና። ሁሉም ቤንዚንና ናፍጣ ናቸው። አንዱ የ1990ዎቹ ኮሮላ ነው፣ ባለቤቱ ታክሲ እየሠራ ልጆች ያስተምርበታል። ኤሌክትሪኩንም እማራለሁ፣ ግን እነዚህን ሰዎች ትቼ አይደለም።

መምህርት፣ መነሻ ግፊት 1 ባር አይደለም እንዴ? ስላይዳችን ላይ ሁልጊዜ 100 ኪሎ ፓስካል ነው የሚለው።

ቤተ ሙከራ

ካንዴላ፣ እሱን ጥያቄ ለአንድ ቀን ያዝልኝ። ስልክህ ላይ የአየር ግፊት የሚለካ አፕ ጫን። አንዳንድ ስልኮች ውስጥ ባሮሜትር አለ። የሌለው ከሆነ ከጓደኛ ተዋስ። የአየር ሁኔታ ትንበያ የሚናገረውን ቁጥር ግን አትውሰድ። እሱ አዲስ አበባ ተቀምጠህ 1,020 ሄክቶ ፓስካል ይልሃል፤ ያ ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ ቁጥር ነው።

ዴልታ ቲ፣ ስለ ሥራ ያልከው እውነት አለው። እነዚያን ፕሮግራሞች እኔም በሥራ እጠቀማለሁ። የተሰበረውን ቅጂ ግን ተወው፤ ፍላሹ ምን ይዞ እንደሚመጣ አታውቅም፣ ደግሞም የሰው ሥራ ነው። ዩኒቨርሲቲህ ለትምህርት የሚሆን ፈቃድ እንዲጠይቅ መምህሮችህን ግፋ።

የሚያስጨንቀኝ ሌላው ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ስትከፍት ብዙ ነገር ይጠይቅሃል። የአየር ማስገቢያው ቱቦ ርዝመትና ስፋት፣ ቫልቩ በየዲግሪው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚከፈት፣ ከቫልቩ ሥር አየር ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያልፍ፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ሙቀት። ካላወቅክ ራሱ ይሞላልሃል። አስተማሪ ሳለሁ አንድ ጎበዝ ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ሠራ። ግራፉ ያምራል፣ ቀለሙ ያምራል። ዩኒቨርሲቲያችን 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነበር። መነሻ ግፊቱ ግን ፕሮግራሙ ሞልቶ የሰጠው 1 ባር ነው። ሞተሩ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ እሱ ያሰላው ባሕር ዳርቻ ላይ ለቆመ ሞተር ነበር። ፈተና ላይ ስጠይቀው ደነገጠ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ያንን ቁጥር በእጁ ጽፎ እንዲያውቅ ያላደረግነው እኛ ነን። እዚህ የመሞከሪያ ክፍል ውስጥ ጠዋት ስንገባ ከምንም በፊት የምንመዘግበው የአየር ግፊቱን ነው።

የአሰብ መስመር

ልጆቼ፣ እኔ ቲዎሪ አልተማርኩም። ከወደቡ ጭኜ አዲስ አበባ ስመላለስ ኖሬያለሁ፤ አሰብ እስከ ተዘጋበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ። መኪናዬ ኤንትሬ ፊያት ነበር፣ ተርቦ የለውም።

አሰብ ላይ ያ መኪና ሌላ መኪና ነው። ሙቀቱ ያቃጥልሃል፣ ሞተሩ ግን ይጎትታል። ሚሌን አልፈህ፣ አዋሽን አልፈህ ወደ ደጋው ስትወጣ እየከበደው ይሄዳል። ጭሱም ይጠቁራል። ጭነቱ ያው፣ ናፍጣው ያው። ደጋ ለሚውል መኪና የናፍጣ ፖምፓ ባለሙያው ናፍጣውን ቀነስ ያደርግለት ነበር። “አየሩ ቀጭን ነው” ይለን ነበር እንጂ በቁጥር አልነገረንም። ልጄ ካንዴላ፣ ያንተ ቪትዝ አየር ያነሰው አይመስልህም?

ካንዴላ

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የእርስዎን መልስ ባነበብኩበት ማታ ነው ነገሩ የበራልኝ።

የጓደኛዬ ስልክ ጋራዡ ውስጥ 763 ሄክቶ ፓስካል አለ። 76.3 ኪሎ ፓስካል ማለት ነው። ባሕር ወለል ላይ 101.3 ነው። እኔ ግን 11 ዓመት ሙሉ ባሕር ወለል ላይ ያለሁ መስሎኝ ነበር።

ሠንጠረዡን ሠራሁት። ፑልክራቤክን ከአንድ ክፍል ጓደኛዬ አገኘሁ። የአንዱ ሲሊንደር ይዘት 324.7 ሲሲ ወጣ። ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ቦታ 34.2 ሲሲ። ማስገቢያው ቫልቭ ፒስተኑ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረ በኋላ ዘግይቶ ስለሚዘጋ፣ እውነተኛው ጭመቃ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ይህንን ሳላውቅ ነበር የኖርኩት። ቫልቩ የሚዘጋበትን ዲግሪ በግምት አስገብቼ ሬሾው ከ10.5 ወደ 9 ወረደ። በጭመቃው ቀመር ውስጥ ሬሾው ከፍ የሚልበትን ቁጥር፣ ኤንን፣ 1.25 አደረግኩ፣ መጽሐፉ ላይ ካሉት ምሳሌዎች ዝቅ አድርጌ፤ በባትሪ ቀስ ብሎ ሲዞር ሙቀትም አየርም ያመልጣል ብዬ። 9 ወደ 1.25 ከፍ ሲል 15.6 ይሆናል።

15.6 ሲባዛ በ76 ኪሎ ፓስካል 1,185። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ስለሆነ 76 ስቀንስ 1,109፣ ማለትም 11.1 ባር። ባሕር ወለል ላይ ያው ሞተር 14.8 ባር ያሳያል።

መምህርት፣ ሞተሩ ጤነኛ ነበር። አራቱም ሲሊንደር እኩል ነበሩ። የፈታነው ጤነኛ ሞተር ነው።

ግን ከ11.1 እስከ 10.5 ያለው 0.6 ባር የት ሄደ? ለሁለት ቀን አሰብኩበት። ከዚያ ጌጁን አየሁት። ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የማይመልስ ትንሽ ቫልቭ አለ። ከዚያ ቫልቭ በፊት ያለው ክፍተት የሲሊንደሩ አካል ይሆናል። በሲሪንጅ ዘይት ሞልቼ ለካሁት። 1.5 ሲሲ ገደማ ይይዛል። 34.2 ላይ ጨምሬ እንደገና ሳሰላው 10.5 ባር ወጣ። ልክ የለካሁት።

ቤተ ሙከራ

ካንዴላ፣ ይህን ያነበብኩት ባቡር ውስጥ ሆኜ ነው። ሁለት ፌርማታ አለፈኝ።

የጌጁን ክፍተት በሲሪንጅ መለካት ማንም አልነገረህም። ራስህ ነው ያገኘኸው። በጣም ደስ ብሎኛል። አሁን ግን ጠበቅ ልበልብህ። 10.5 ስለወጣ ብቻ አትመነው። ኤንን 1.25 ያልከው አንተ ነህ። 1.22 አድርገው፣ ጌጁን ሳትጨምር 10.3 ይወጣል። 1.28 አድርገው፣ ወደ 11.9 ይሄዳል። ያንተ 0.6 ባር በዚህ ውስጥ ይጠፋል። ቫልቩ የሚዘጋበትንም ገምተሃል። ስለዚህ ልኩ መገጣጠሙ ማስረጃ አይሆንም።

የማይለወጠውን ፈልግ። የአዲስ አበባውን የጌጅ ቁጥር ለባሕር ወለሉ አካፍለው። በ1.22፣ በ1.25፣ በ1.28፣ በፈለግከው። የጌጁን ክፍተት ጨምር፣ ቀንስ። ምን ታገኛለህ?

ካንዴላ

0.75። ሁልጊዜ 0.75።

አሁን ሳየው ግልጽ ነው። ጌጁ የሚያሳየው መነሻ ግፊቱን በአንድ ቁጥር አባዝቶ፣ አንድ ጊዜ መነሻ ግፊቱን ቀንሶ ነው። ሁለቱም ላይ መነሻ ግፊቱ አለ። ስለዚህ ሲካፈሉ የሚቀረው 76 ለ101 ብቻ ነው።

ቤተ ሙከራ

ያው ነው። ማንኛውንም የኮምፕረሽን ማኑዋል ቁጥር በ0.75 አባዝተህ ከጌጅህ ጋር አወዳድር። ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ በመቶኛ ምን ያህል እንደሚራራቁ ደግሞ ለብቻው ተመልከት፤ እሱን ከፍታው አይነካውም። ጥርጣሬ ካለህ ጥቂት ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረህ ድጋሚ ለካ፤ ቁጥሩ ጉልህ ሆኖ ከጨመረ ያን ጊዜ ፋሻ ጠርጥር። የታመቀ አየር አስገብቶ የሚያፈሰውን በመቶኛ የሚለካ መሣሪያ ብታገኙ ደግሞ ሞተር ከማውረድ በፊት እሱ ይቅደም።

ዳገት ላይ መድከሙ ከፊሉ ከዚሁ አየር ነው፤ አንድ አራተኛው የለም። የባሰ ከሆነ ማርሚታው ተደፍኖ እንደሆነ፣ የአየር ማጣሪያው፣ ፍሪሲዮኑ ይታይ።

ቀጥሎ የምትሠራው እዚያው ሠንጠረዥ ላይ ነው። እሳቱን ጨምርበት። ነዳጁ በየዲግሪው ስንት እንደተቃጠለ የሚነግርህ የቪቤ ቀመር ነው፤ ሄይውድ ምዕራፍ 9 ላይ አለ። ቃጠሎው የሚጀምርበትንና የሚቆይበትን ዲግሪ ካስገባህ በኋላ ቅርጹን የሚወስኑ ሁለት መለኪያዎች አሉት፣ 5 እና 2 ብለህ ጀምር። ሬሾ 10.5 ላይ የኦቶ ዑደት፣ ማለትም ኪሳራ የሌለበት የቤንዚን ሞተር፣ ቀመር 61 በመቶ ብቃት ይሰጥሃል። እውነተኛው ሞተር በጥሩ ቀኑ ወደ አንድ ሦስተኛው ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን እያንዳንዱን ኪሳራ ስም ሰጥተህ መቁጠር ስትጀምር፣ ዝለላቸው ያልኩህን ምዕራፎች ትመለስባቸዋለህ፤ ወደ ፊትም ትሄዳለህ፤ የሙቀት ዝውውሩ ምዕራፍ 12 ነው፣ ሰበቃው 13።

ሠንጠረዡ ሲጠብብህ ያን ጊዜ የፕሮግራም ቋንቋውን ፓይተንን ጫን፣ ከዚያ የጋዝና የቃጠሎ ስሌት የሚሠራውን ካንቴራን። ነፃ ነው፣ ላፕቶፕህ ላይ ይሄዳል። ከምሳሌዎቹ መካከል አንዱ የሞተር ነው። ከፍተህ መጀመሪያ የምታየው መነሻ ግፊቱ ስንት እንደተባለ ይሁን። ዴልታ ቲ፣ አንተም ብትሞክረው ደስ ይለኛል።

ዴልታ ቲ

ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። አዳማ ስንት እንደሆነ እለካና እጽፋለሁ። አዳማ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ግፊቱ አዲስ አበባ ካለው ከፍ ማለት አለበት።

ካንዴላ

0.75ን በማርከር ከጌጁ ማስቀመጫ በላይ ግድግዳው ላይ ጽፌዋለሁ። ዋናው መካኒክ ምንድነው አለኝ። ሠንጠረዡን አሳየሁት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው፣ ከዚያ “ስንት ሞተር አወረድን” አለ።

የቪትዙ ባለቤት ቅዳሜ ዘይት ሊቀይር ይመጣል። እኔው ነኝ የምነግረው።